ዱክዳልበን፣ ሀምቡርግ፦ የመርከበኛ ማረፊያው እንዴት ነው?

ፍርዱን ከፊት ላስቀምጠው። ሀምቡርግ ወደብ ላይ ያለው ዱክዳልበን እስካሁን ካየኋቸው የመርከበኛ ማረፊያዎች ሁሉ ይበልጣል። እንከን አለው፣ እሱንም እነግራችኋለሁ። ግን መርከባችሁ ሀምቡርግ ከገባች፣ ሁለት ሰዓትም ካገኛችሁ፣ ካቢን ውስጥ አትተኙ። ሂዱ።

ቤቱ ሆቴል አይደለም፣ ምግብ ቤትም አይደለም። ክበብ ብትሉት ይቀርባል። የሚያስተዳድረው የጀርመን የመርከበኞች ሚሲዮን ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ሰፈሩ ቫልተርስሆፍ ይባላል፤ ኮንቴይነር ከሚወርድበትና ከሚጫንበት አካባቢ ቅርብ ነው። ዙሪያው ክሬን፣ የጭነት መኪና፣ አውራ ጎዳና ነው። እዚያ መሀል ዛፍ ያለበት ግቢና መብራቱ የበራ ቤት ታገኛላችሁ። ዓመቱን ሙሉ፣ በዓል ሳይል፣ ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ምርጥ የመርከበኞች ማዕከል ተብሎ ተሸልሟል። ሽልማት እኔን ብዙም አያሳምነኝም። ይሄኛው ግን ይገባዋል።

እኔ ሰርድ ኢንጅነር፣ ማለትም የመርከብ ሦስተኛ መሐንዲስ ነኝ። ጄኔሬተሮቹና ቦይለሩ የእኔ ኃላፊነት ናቸው። መካኒካል ተምሬ፣ ባሕር ዳር የማሪታይም አካዳሚውን ጨርሼ ነው የወጣሁት። ከዚያ በፊት ያየሁት ትልቁ ውሃ ጣና ነበር። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የላትም፤ መርከበኛ ግን አላት። በራሳችን መርከቦች ላይ የሚሠራው አለ። እንደኔ የውጭ ድርጅት መርከብ ላይ ያለውም ብዙ ነው። ሰፈር ውስጥ «ልጁ መርከብ ላይ ነው» ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው ዶላር ነው። እማዬ ብቻ ናት፣ ስንደዋወል ገና ሰላም ሳንባባል፣ «ምድር ረገጥክ ወይ ልጄ?» የምትለኝ።

ጥያቄዋ ትክክል ነው። አንድ የኮንቴይነር መርከብ ላይ ሃያ ምናምን ሰው ነው ያለው። ያን ሁሉ ብረት የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ፊሊፒኖ አለ፣ ህንድ አለ፣ ዩክሬናዊ አለ፣ አንዳንዴ አንድ ወይ ሁለት ሐበሻ አለ። ሥራ ቦታህ፣ ቤትህ፣ አለቃህና ጎረቤትህ አንድ ቦታ ናቸው። ከቺፍ ኢንጅነሩ፣ ከሞተር ክፍሉ አለቃ፣ ጋር ጠዋት ከተጋጨህ ምሳም ከእሱ ጋር ነው። ራትም ከእሱ ጋር ነው። ነገም እንደዚያው። ውጪ ያለ ሰው «ብቻህን ነህ፣ ይከብዳል» ይልሃል። አንዳንዴ የሚከብደው ብቻህን ለመሆን አለመቻልህ ነው። እነዚያኑ ፊቶች፣ ያንኑ የሞተር ጩኸት፣ ያንኑ ሩዝ ለወራት ታያለህ፣ ትሰማለህ፣ ትበላለህ።

ሕግ አለ። ዓለም አቀፉ የባሕር ሥራ ስምምነት፣ እኛ ኤምኤልሲ የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ጸድቆ ከ2013 ጀምሮ ይሠራል። በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በ7 ቀን ውስጥ ቢያንስ 77 ሰዓት ዕረፍት ይላል። 12 ወር ሳይሞላህ ወደ አገርህ የመመለስ መብት አለህ ይላል። የዕረፍት ሰዓት የምንሞላው ወረቀት ሁልጊዜ ትክክል ነው። እንቅልፉ ሌላ ጉዳይ ነው። በኮሮና ጊዜ ደግሞ ሕጉም አልያዘም። እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 400,000 የሚሆኑ መርከበኞች ኮንትራታቸው አልቆ መውረድ አቅቷቸው ባሕር ላይ ቀርተዋል። ብዙ ሰው ስለ እኛ መኖር የሰማው ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

ድርጅቶቹም ከዚያ ወዲህ ስለ አእምሮ ጤና ማውራት ጀምረዋል። የኛም መርከብ ሜስ ሩም፣ መመገቢያ ክፍሉ፣ ውስጥ ፖስተር ተለጥፏል። ቱታ የለበሰ ሰው ፈገግ ብሎ «ስሜትህን ተናገር» ይልሃል። ቱታው ላይ አንዲት የዘይት ነጠብጣብ የለችም። ይሄን ሰው እንዴት ልመነው?

አሁን ወደ ዱክዳልበን ልመለስ።

ከቤቱ ይልቅ መኪናው ይበልጣል። አዎ፣ ሚኒባሱ። ይሄን ያልኩት ለቀልድ አይደለም። ኮንቴይነር ተርሚናል ውስጥ በእግርህ ተነስተህ መሄድ ክልክል ነው። ኮንቴይነር በእግሮቹ መሀል አንጠልጥሎ የሚሮጥ ረጅም ማሽን አለ፤ ሹፌሩ ከላይ ሆኖ አንተን ላያይህ ይችላል። ስለዚህ ከጋንግዌይ፣ ከመርከቧ መውረጃ መሰላል፣ ወርደህ «ትንሽ ልንሸራሸር» የሚባል ነገር የለም። ከበሩ ውጪም ቢሆን ያለኸው አውራ ጎዳና ላይ ነው። ከተማው ሩቅ ነው። ያለህ ጊዜ ደግሞ አጭር ነው። መኪና የሌለው ማረፊያ ለመርከበኛ እንደሌለ ቁጠሩት።

ዱክዳልበን ትደውላለህ። ሚኒባስ ይመጣል። ይወስድሃል፣ ይመልስሃል፣ አንድ ሳንቲም አይጠይቅህም። እንዲህ ተጽፎ ሲነበብ ተራ ነገር ይመስላል። ሌላ አንድ ወደብ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ስሙን ልተወው። ሕንፃው አዲስ ነው፣ ሶፋው አዲስ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ግድግዳውን ያህላል። ግን መኪና የላቸውም። ለአጭር መንገድ ታክሲው የጠየቀን ገንዘብ የአንድ ቀን ደሞዝ ይበላል። አራት ሆነን ተካፈልን። የተርሚናሉ በር ላይ ፍተሻው ተጎተተ። ስንደርስ ሰውየው ቁልፉን ይዞ እየወጣ ነው። ከውጪ በመስታወቱ ሶፋውን አየነው። አብሮን የነበረው ፊሊፒኖ ቦሰን፣ የዴክ ሠራተኞች አለቃ፣ ፎቶ አነሳና «ቢያንስ አለ» አለ። ሳቅን፤ ምን እናድርግ?

ሀምቡርግ ላይ እኛን የወሰዱን ሹፌር ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። በፈቃደኝነት ነው የሚያገለግሉት። ቤቱ ውስጥ እንደሳቸው ያሉ አዛውንቶችም፣ ትምህርት ጨርሰው ዓመት የሚያገለግሉ ወጣቶችም አሉ። ሰውየው መሪያቸውን ይዘው «ሱቅ ነው የምትፈልጉት? ኢንተርኔት? ወይስ ከተማ?» አሉን። በቃ። ስሜትህ እንዴት ነው፣ ጭንቀት አለብህ ወይ፣ የሚል ነገር የለም። ከተማ ላለው እንዴት በአውቶቡስ እንደሚሄድ አስረዱት። ለእኔ ዝናቡን እያዩ «ይሄ ለሀምቡርግ ጥሩ አየር ነው» አሉኝ። ከሰው ጋር ስለ ዝናብ ማውራት ናፍቆኝ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። መርከብ ላይ ስለ አየር ሲወራ ስለ ማዕበል ነው፤ ማዕበል ደግሞ ለእኔ የተጨማሪ ሥራ ወሬ ነው።

ውስጡ ሞቅ ያለ ነው። አንድ ትልቅ ሳሎን፣ ቡና ቤት የመሰለ ባንኮኒ፣ ብዙ ወንበር። ትንሽ ሱቅ አለ። ቸኮሌት፣ ሻምፑ፣ ሲም ካርድ፣ የብርድ ካልሲ፣ ለልጅ የሚወሰድ ስጦታ። ሱቁ የታሰበበት ነው። ሰው ከመርከብ ሲወርድ በትክክል ምን እንደሚጎድለው የሚያውቅ ሰው ነው የደረደረው። ጊታር አለ፣ ካራኦኬ አለ። ካራኦኬው የፊሊፒኖዎቹ ግዛት ነው፤ ተራ እንዳትጠብቁ፣ አይደርሳችሁም።

ቢሊያርድ አለ። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። መርከብ ላይ ቢሊያርድ መጫወት አይታሰብም፣ ወለሉ ይንቀሳቀሳላ። ኳሷን መትተህ የመታሃት ቦታ ስትሄድ ማየት፣ ከዚያም ቀጥ ብላ ስትቆም ማየት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ደስ ይላል። ውጪ ኳስ የሚመታበት ቦታ አለ። ከአንድ ሌላ መርከብ ሠራተኞች ጋር ግጥሚያ ገጠምን። እነሱ ከሮማኒያና ከህንድ የተደባለቁ ነበሩ። አስተናግደውናል፤ ውጤቱን አልናገርም። ከጨዋታው በኋላ ግን አይተናቸው ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር ተቀምጠን ስለ አለቆቻችን አማን። የራስህን ሴኮንድ ኢንጅነር፣ የቅርብ አለቃህን፣ ለራስህ መርከብ ሰው ማማት አደጋ አለው። ለሌላ መርከብ ሰው ግን እንደልብ ነው።

የጸሎት ክፍሉን ብዙ ሰው ያወራለታል። እውነትም አላቸው። በአንድ ክፍል ውስጥ ለየሃይማኖቱ ጥግ ጥግ ተሰጥቶታል። ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙ፣ ሂንዱው፣ ቡድሂስቱ አጠገብ ለአጠገብ ነው። አብሮኝ የነበረው ኤሌክትሪሺያናችን የወሎ ልጅ ነው፤ ሙስሊም ነው። እኔ በስልኬ የያዝኩትን ዳዊት ከፍቼ አንዱ ጥግ ቆምኩ። እሱ ሌላው ጥግ ሰገደ። መርከብ ላይ መስገድ ምን ያህል እንደሚያስቸግረው የነገረኝ እዚያ ነው። መርከቧ ስትዞር ቂብላውም ይዞራል። እያንዳንዱ ሶላት በፊት ስልኩን ማየት አለበት። እዚህ ቤት ውስጥ አቅጣጫው ባለበት ይቆያል። የኔ ችግር ጾሙ ነው። ኩኩ፣ ምግብ አብሳያችን፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ሁዳዴ ማለት ለእሱ አትክልቱ ላይ ዶሮ መቀነስ ነው። ዱክዳልበን ይሄን አይፈታልኝም፤ አልጠብቅበትምም።

ስለ ወሎው ልጅ፣ ስለ ኤሌክትሪሺያናችን፣ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። እሱ ራሱ ጻፈው ብሎኛል።

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። በማለዳ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ቤቱ ሳለ፣ ሰው ከቦት ነው የሚነገረው። ባሕር ላይ ላለ ሰው ደግሞ ቤተሰብ ጨርሶ ይደብቃል። ኮንትራቱን ጨርሶ ሲመጣ ይነገረዋል ይባላል። ጥሩ አሳብ ነው። ድሮ ይሠራ ነበር። አሁን መርከብ ላይ ኢንተርኔት አለ። የእሱ አባት ያረፉ ዕለት ቤተሰቡ ተስማምቶ ዝም አለ። አንድ የሩቅ ዘመድ ግን ፌስቡክ ላይ ፎቷቸውን ለጠፈ። ልጁ ያየው ሌሊት፣ ቢስኬ ባሕረ ሰላጤ ላይ፣ ብቻውን ካቢን ውስጥ ነው። ጠዋት ቱታውን ለብሶ ሥራ መጣ። ዓይኑን አይቼ ነው የጠየቅኩት።

ካፒቴኑ ደግ ሰው ነው። ሥራ አሳረፈው፣ ድርጅቱ ጋር ጻፈለት። ግን ባሕር መሀል ነህ። ምትክ እስኪመጣ መውረድ የለም። እኔ አብሬው ልቀመጥ ስል ጄኔሬተሩ ይጠራኛል። ለቅሶ ለመቀመጥ አንድ ሰው ብቻ ነበርኩ፤ እሱም በፈረቃ።

ሀምቡርግ ስንገባ ካፒቴኑ ዱክዳልበን ደወለ። ሁለት ሰዎች ወደ መርከቧ መጡ። እነዚህ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው የሚጠብቁ ብቻ አይደሉም፤ መርከብ ድረስ መጥቶ መጠየቅም ሥራቸው ነው። አንዷ ሴት ከፍ ያለ ዕድሜ ያላቸው ናቸው፣ ሌላው ገና ወጣት ነው። ወሰዱት። ጸጥ ያለ ቦታ ሰጡት። በቪዲዮ ቤት ደወለ፤ ድንኳን ተጥሏል፣ ሰው ሞልቷል። ረጅም ሰዓት አወራ፣ አለቀሰ። ወጣቱ ሻይ አምጥቶ፣ ራቅ ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ምንም አላለም፣ ስልኩንም አላወጣም። እኛ ለቅሶ ቤት ሄደን የምናደርገውን ነው ያደረገው። ማን እንዳስተማረው አላውቅም። ያስተማረው ሰው ደሞዝ ይጨመርለት።

ኢንተርኔት ካነሳሁ ስለ እሱም ልበል፤ ምክንያቱም አሁን «ስታርሊንክ ካለ የወደብ ማረፊያ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። በመጀመሪያው መርከቤ ላይ ኢንተርኔት በካርድ ይሸጥልን ነበር። ሜጋባይቱ ሁለት ፎቶ ሳይወርድ ያልቃል። ዋጋው ያናድድ ነበር። ስታርሊንክ ለመርከብ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ኤምኤልሲም ተሻሽሎ፣ ከታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የመርከብ ባለቤቶች በተቻለ መጠን ለሠራተኛው ኢንተርኔት እንዲያቀርቡ፣ ካስከፈሉም ዋጋው ምክንያታዊ እንዲሆን ይላል። ልጅህን በየቀኑ ማየት የመሰለ ነገር የለም። በዚህ ክርክር የለኝም።

ግን ሜስ ሩሙ ባዶ ሆኗል። ድሮ ከራት በኋላ ካርታ ይጫወታል፣ ፊልም በጋራ ይታያል፣ ይጨቃጨቃል። አሁን ሁሉም ሳህኑን አስቀምጦ ካቢኑ ይገባል። በሩ ይዘጋል። ቤት ውስጥ ያለውን ጭቅጭቅ ሁሉ በቀጥታ ትሰማለህ፤ የውሃ ክፍያ ሳይቀር ከአትላንቲክ መሀል ትዳኛለህ። ከዚያ እንቅልፍ የለም። ስለዚህ ለእኔ ኢንተርኔቱ የዱክዳልበንን ጥቅም አልቀነሰውም፤ ጨምሮታል። እዚያ ቤት ውስጥ ሰው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ቢሊያርድ ይጫወታል።

ለማወዳደር ያህል ሌላም አገልግሎት ልጥቀስ። ሲፋረርሄልፕ የሚባል የስልክ መስመር አለ። የሚያንቀሳቅሰው አይስዋን የተባለ የመርከበኞች ደኅንነት ድርጅት ነው። ነጻ ነው፣ ምስጢር ይጠብቃል፣ 24 ሰዓት በዓመት 365 ቀን ይሠራል፣ በብዙ ቋንቋ ያስተናግዳል። እኔ የተጠቀምኩት አንድ ድርጅት ኮንትራቴ አልቆ ምትክ አልልክ ባለኝ ጊዜ ነው። በእንግሊዝኛ በዋትስአፕ ጻፍኩ። ሰው መለሰልኝ፤ ማሽን አይደለም። ኮንትራቴን አይተው ለየትኛው የአይቲኤፍ ተቆጣጣሪ መጻፍ እንዳለብኝ ነገሩኝ። አይቲኤፍ ዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን ነው። የወደድኩት ይሄ ነው፦ ጭንቀቴ ወረቀት ያመጣው ስለነበር መፍትሔውንም በወረቀት ሰጡኝ። በረጅሙ ተንፍስ አላሉኝም። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ግን የስልክ መስመር የስልክ መስመር ነው፤ ኳስ አብሮህ አይመታም።

አሜሪካ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የመርከበኛ ቪዛ ከሌለህ ጋንግዌይ ላይ ቆመህ ከተማውን ማየት ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ ዋናው አገልግሎት መርከብ ድረስ የሚመጡት ጠያቂዎች ናቸው። ኒው ጀርሲ፣ ፖርት ኒውአርክ ላይ፣ የሲሜንስ ቸርች ኢንስቲትዩት ሰዎች በፈረንጅ ገና ሰሞን በእጅ የተሠራ የሱፍ ኮፍያ ይዘውልን መጡ። ይሄን ነገር ከ1898 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያደርጉታል፤ በየቦታው ያሉ በጎ ፈቃደኞች ሹራብ እየሠሩ ይልካሉ። የኔ ኮፍያ አረንጓዴ ነው፤ ትንሽ ይሰፋኛል። የኛ ገና የዋለ ዕለት ደግሞ የሁለተኛውን ጄኔሬተር ነዳጅ መርጫ ስቀይር ዋልኩ። ማንም አላወቀም። ይሄ ቅሬታ አይደለም፤ እንዲሁ ነው የሚሆነው።

እሺ፣ የዱክዳልበን እንከኖች።

ማታ ይጨናነቃል። ሁለት ትልልቅ መርከቦች አንድ ላይ ከገቡ መቀመጫ አይገኝም። ኢንተርኔቱም ይንቀራፈፋል። ምግብ ፍለጋ ከሆነ የምትሄዱት አይመከርም፤ መክሰስ ነው ያለው፣ በልታችሁ ሂዱ። ሱቁ ውስጥ ለእስያ ሰው የሚሆን ብዙ ነገር አለ፣ ለእኛ ግን ምንም የለም። ሽሮና በርበሬ አምጡ ብዬ ጠየቅኩ። ልጅቷ በጥሞና ሰማችኝና እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀችኝ። ተስፋ አለኝ ግን አልጠብቅም፤ ባሕር ዳር የቋጠርኩትን በሶና ሽሮ ይዤ መዞሬን እቀጥላለሁ።

አብራን የምትሠራ አንዲት የዴክ ካዴት፣ የመርከቧ የላይኛው ክፍል ተለማማጅ፣ ነበረች፣ መርከቧ ላይ ብቸኛዋ ሴት። የእሷ አስተያየት ከእኔ ይለያል። ከሠራተኞቹ መሀል ሴቶች መኖራቸው በጣም ደስ ብሏት ነበር፤ ከሴት ጋር በደንብ ካወራች ወራት አልፎ ነበር። ምሽት ላይ ግን ሳሎኑ ሙሉ ወንድ ነው፣ ስትገባ ሁሉም ቀና ይላል። ከመርከብ ሸሽታ መጥታ ሌላ መርከብ ውስጥ የገባች መሰላት። ቀን ሄዳ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር መቀመጡን ነው የወደደችው። ሴቶች ካላችሁ የእሷን ምክር ስሙ፣ ቀን ሂዱ።

ዋናው ችግር ሰዓቱ ነው። ቤቱ እስከ ምሽት 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ክፍት ነው። ለዴክ ሰዎች ያመቻል። ለእኛ ለኢንጂን ሩሞች ግን እንደነገሩ ነው። ባሕር ላይ ዋናው ሞተር አይቆምም፤ ስለዚህ እሱን መክፈት የሚቻለው ወደብ ላይ ነው። መለዋወጫ የሚመጣው ወደብ ላይ ነው። ነዳጅ የሚሞላው ወደብ ላይ ነው። ተቆጣጣሪ የሚመጣውም ያኔ ነው። በዚያ ላይ ሀምቡርግ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ከተማ አይደለም። ከባሕሩ በኤልበ ወንዝ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ ትሄዳለህ። በዚያ ሁሉ ሰዓት ፓይለቱ፣ መርከቧን በወንዙ የሚመራው ሰው፣ ከላይ ነው፤ እኛ ታች ሞተሩ ጋር በተጠንቀቅ ነን። ስንደርስ ደክሞናል፣ ከዚያ ሥራው ይጀምራል። ስንታጠብ ቤቱ ሊዘጋ ነው። የኢንጂን ሰው ጥፍሩ ውስጥ ዘይት ይዞ ለመጨረሻዋ ሰዓት ሲሮጥ ታዩታላችሁ።

ይሄ የእነሱ ጥፋት አይደለም። መርከቦቹ ናቸው ወደብ ላይ የማይቆሙት። ክሬኑ በፈጠነ ቁጥር የእኛ ሰዓት ያጥራል። ኤምኤልሲ መርከበኛ የወደብ ማረፊያዎችን የመጠቀም ዕድል ሊኖረው ይገባል ይላል፤ ለመውረድ የሚበቃ ሰዓት ግን ከየት ይምጣ? ቤቱ ደግሞ በቤተ ክርስቲያንና በልገሳም ይደገፋል። ባንኮኒው ላይ የሳንቲም ሳጥን አለ። በዚያ ወደብ በየቀኑ የሚያልፈውን ዕቃ አስቡት፤ ጫማው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የመኪናው መለዋወጫ። ያን ያመጣው ሰው ሻይ የሚጠጣበት ቤት በሳጥን ሳንቲም መለመኑ ያበሳጨኛል። ድርጅቶቹ ለፖስተሩ ያወጡትን ለሚኒባስ ነዳጅ ቢሰጡት እመርጣለሁ።

ከ10 ውስጥ 9 እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለሰዓቱ ነው፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እያወቅኩም። ሌሊት ለሚወጣ ፈረቃ አንዲት ክፍልና አንድ ሹፌር ቢኖር አሥሩን እሞላለሁ።

አዲስ ለምትወጡ ካዴቶች ትንሽ ምክር። ጀርመን ላይ በወደቡ ከተማ ውስጥ ለመንቀሳቀስ ለመርከበኛ ቪዛ አያስፈልግም፤ ሾር ፓሳችሁን፣ ወደ ምድር መውረጃ ፈቃዳችሁን፣ እና መታወቂያችሁን ግን ሳትይዙ ከጋንግዌይ አትውረዱ። ዝርዝር ዩሮ ያዙ፤ ለሱቁም ለሳጥኑም ይሆናል። ሥራችሁ ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ደውሉ፤ ሚኒባሱ ሌሎች መርከቦችንም ስለሚያዞር ሊዘገይ ይችላል። ሴኮንዱን አስፈቅዱ፣ ከተቻለም ይዛችሁት ሂዱ፤ ከመርከብ ውጪ ሲታይ ብዙ ጊዜ ደህና ሰው ነው። ስትገቡ ደግሞ የመመለሻው የመጨረሻ መኪና በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ። ካራኦኬው ላይ ያለ ፊሊፒኖ «አንድ ዘፈን ብቻ» ቢላችሁ አትመኑት።